ጣውንቶቹ ፓምፖች

ስልኩ የጮኸው ቆመጤን ሰንደል ስቀባ ነው።

የመሣሪያ በዓል ነበር። በኛ አገር በዚያ ቀን ሰው ሁሉ እንጀራውን የሚበላበትን የሥራ ዕቃ አጥቦ፣ የሰንደል እንጨት ቅባት ቀብቶ፣ አበባ አንጠልጥሎ ያመሰግነዋል፤ ሹፌር መኪናውን፣ ልብስ ሰፊ መስፊያውን፣ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን። እኛ የቬልማናል ፖሊሶች ደግሞ ጠመንጃችንንና ቆመጣችንን። ከፈለጋችሁ ሳቁ። እኔ ዋና ኮንስታብል ኢሳኪ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺኑ የቀርከሃ ቆመጥ በጉሎ ዘይት ሳሽ፣ በበዓሏ ስቀባ ኖሬያለሁ። በዚያ ዓመት ሰንደል ከሱቅ ጠፍቶ ነበርና ያገኘኋትን ቁንጣሪ በእርድ አብዝቼ በጠበጥኳት። ማን ይቀምሰዋል ብዬ።

«ኢሳኪ፣ ተነስ!» አለች ኢንስፔክተር ፖንማላር ስልኩን እየዘጋች። «አቶሚክ የመብራት ኃይል ጣቢያው ውስጥ ሰው ሞቷል። ቆመጥህን ያዝ።»

«ኧረ ቅባቱ አልደረቀም፣ ኢንስፔክተር።»

«ሬሳውም አልቀዘቀዘም። ና ግባ።»

በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ በማዕረግ አለቃዬ ናት። ጂፑ ውስጥ ገባሁ።

የፓምፑ ክፍል ከምድር በታች ነው። አርባ ሁለት ደረጃ ይወርዳል፤ ጉልበቴ አንድ በአንድ ቆጥሮልኛል። ከታች ሙቀቱ ፊት ይመታል፣ የተቃጠለ ጎማና የጃስሚን አበባ ሽታ ተቀላቅሎ ያቅለሸልሻል። ሁለት ትልልቅ ፓምፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም የአበባ ጉንጉን አጥልቀዋል፤ ከነሞተራቸው፣ ከነቫልቫቸው ሰንደልና ቀይ ነጥብ ተደርጎላቸዋል። ስማቸው በጠመኔ ተጽፏል፤ የግራዋ ቫሊ፣ የቀኟ ዴይቫናይ። የአምላካችን የሙሩጋን ሁለት ሚስቶች ናቸው። ጣውንቶች መሆናቸው ነው።

ሟቹ ቼላዱራይ ይባላል። ፓምፖቹን ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀ ቴክኒሻን ነው፣ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው። የቫሊ የዘንግ ማሸጊያ ፈንድቶ እንፋሎቱ ከደረቱ በላይ ቀቅሎታል። በሆዱ ተደፍቶ ቀኝ እጁን ወደ በሩ ዘርግቷል። ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ ይሄን ግን አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

«ገዳዩ የሸሸበትን በር እያመለከተን ነው» አለ ከኋላችን አንድ የለሰለሰ ድምፅ።

የጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ታታቻሪ ነበሩ። ያን ጊዜ አንቱ እላቸው ነበር።

«ገዳይ አሉኝ?» አለች ኢንስፔክተር። «እኔ የማየው የፈነዳ ማሽን ነው።»

«ማሽን ዝም ብሎ አይፈነዳም፣ ልጄ። እነዚህ አደጋ ሲመጣ ለሪአክተሩ ውሃ የሚያደርሱ ፓምፖች ናቸው። ስንፈትሻቸው ዋናው መውጫ ዝግ ስለሆነ ውሃው በዚህች ቀጭን መመለሻ ቧንቧ ወደ ጋኑ ይመለሳል። መመለሻው ከተዘጋ ፓምፑ እዚያው ሆዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲያማታ፣ ሲያማታ ያፈላዋል። ቫሊ ፈላች። ስለዚህ አንድ ሰው የመመለሻዋን ቫልቭ ዘግቷል።»

«ቫልቩ አሁን ክፍት ነው።»

«ከገደለ በኋላ ከፍቶታላ! እዚህ ከቼላዱራይ ጋር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሱሳይ ሜንዴዝ ይባላል፣ የኮንትራት ሠራተኛ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር። ይህ ጣቢያ እንዳይሠራ ብለው በተቃውሞ ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ከተኙት አንዱ ነበር።»

«ዛሬ የተነሳው የትኛው ፓምፕ ነው?»

«ቫሊ ብቻ። መዝገቡ ይኸው።»

መዝገቡ እውነትም ቫሊ ብቻ ይላል። ኢንስፔክተር ወደ እኔ ዞረች።

«ሰውየውን ፖሊስ ጣቢያ ውሰደው። ሐኪም ዘንድ አድርሰህ ከእጁ ናሙና አስወስድ። ደግሞ አትንካው፣ ኢሳኪ።»

«ኧረ እኔ!» አልኩ።

ሱሳይ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ክንዱ መቅዘፊያ የለመደ፣ አንገቱ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል። ጣቢያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ አንዲት ነገር ብቻ ይደጋግማል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እንዴት?»

ዝም።

«ቫልቩን ለምን ዘጋህ?»

ዝም። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፤ ደሜ ይፈላል። የቼላዱራይ ሬሳ ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። «መዳፍህን ዘርጋ» አልኩት። ዘረጋ። አራት በቀኝ፣ አራት በግራ አወረድኩበት። አልጮኸም። የጻፍኩለትን ወረቀት ፈረመልኝ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ኢንስፔክተር ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይሄን ነው። «ነካኸው?»

«በሙሩጋን ስም፣ ጫፉንም።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝና አለፈችው።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። በሁለቱም የሱሳይ መዳፎች ላይ የሰንደል ቅባት ተገኝቷል፣ ዝርዝሩ ነገ ይደርሳል አለ። ሰዓት ሳይሞላ ታታቻሪ ዜናውን ሰምተው ወደ ዋና ከተማ ደወሉ፤ ከዚያም ወደ እኛ ተደወለ። ነገ በአሥር ሰዓት የማዕከላዊ ጸጥታ ሰዎች መጥተው ሱሳይን በሽብር ሕግ ይረከቡታል ተባለ። እነሱ የወሰዱት ሰው እኛ ዘንድ ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

በር ላይ አንዲት ሴት የምሳ ዕቃ ይዛ ቆማለች። የሱሳይ ሚስት ጄሲንታ ናት።

«አንና» አለችኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ሩዝና የዓሣ ወጥ ነው። አብራችሁ ብሉ፤ እሱ ብቻ ይብላ አላልኩም።»

«ሴትዮ፣ እዚህ ሽርሽር አይደለም።»

ኢንስፔክተር ገፋ አድርጋኝ ወጣች። «ግቢ አክካ» አለቻት፤ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው። «ባልሽ ከቼላዱራይ ጋር ጠብ ነበረው?»

«ጠብ? በሠርጋችን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት የቆመልን ሰው እኮ ነው! ሱሳይ እንደ አባቱ ነው የሚያየው።»

«እጁ ላይ የበዓሉ ሰንደል ተገኝቷል።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «አይሆንም። ሱሳይ የእናንተን ቅባት አይነካም። ንቆ አይደለም፤ ሃይማኖቱ ነው። ቼላዱራይ ራሱ በበዓል ቀን ‹አንተ በሩ ጋ ቁም፣ እንዳትቸገር› ይለው ነበር። ማንንም ጠይቁ።» ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «የአጎቴን ልጅ ከስድስት ዓመት በፊት እነዚያው ሰዎች ወሰዱት። ሚስቱ እስከ ዛሬ ምሳ ትቋጥራለች። ለማን እንደምትቋጥር አታውቅም። በእናታችሁ እንዲያ አታድርጉኝ!»

የምሳ ዕቃውን ተቀበልኳት። ሱሳይ ሩዙን ሲጠቀልል ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ሚስቱ አይታ በእጇ ታጎርሰው ጀመር። እኔ ወደ በሩ ዞርኩ።

ከሰዓት በኋላ እንደገና አርባ ሁለቱን ደረጃ ወረድን። ኢንስፔክተር በጉልበቷ ተንበርክካ የቫሊን የመመለሻ ቫልቭ በባትሪ ታየው ጀመር።

«ና እይ። ዓይንህ ከኔ ይሻላል።»

«ዓይኔ እንኳ ደህና ነው፣ ጉልበቴን ነው እንጂ።»

በበዓሉ ጠዋት ሲቀቡ አንዷ የሰንደል ጠብታ በመዘውሩና በአካሉ መካከል ወድቃ ሁለቱን አያይዛ ደርቃለች። እንደ ሸክላ ድርቅ ብላለች። መዘውሩ በጣት ስፋት እንኳ ቢዞር ትሰነጠቅ ነበር። አልተሰነጠቀችም።

«ማንም አልነካውም!» አልኩ።

«ተዉ እንጂ» አለ ያ የለሰለሰ ድምፅ። ታታቻሪ ደረጃው ላይ ቆመዋል። «ገዳዩ ከፍቶት ሲጨርስ አዲስ ጠብታ አደረገበት። እጁ ላይ ሰንደል አገኛችሁ አይደል? ለምን የነካው መሰላችሁ?»

ኢንስፔክተር ከንፈሯን ነከሰች። ሰውየው እውነት አለው። እጁ ላይ ያለው ሰንደል እስካልተፈታ ድረስ ያቺ ጠብታ ምንም አትመሰክርም። ታታቻሪ ሲወጡ እሷ ወደ ዴይቫናይ ዞረች፤ የሞተሯን ነፋስ መሳቢያ ወንፊት በባትሪ አየች፣ ከዚያ በወረንጦ አንድ ነገር ነቅላ መዳፏ ላይ አደረገች። የጃስሚን አበባ ቅጠል ነው። ወንፊቱ ላይ እንደሱ ያለ ሃያ ሠላሳ ተጣብቋል።

«ጉንጉኑ የተደረገላት መቼ ነው?»

«ትናንት ጠዋት፣ በበዓሉ።»

«ታዲያ ቆማ የዋለች ማሽን አበባ ትስባለች?»

ዴይቫናይም ተነስታ ነበር! መዝገቡ ይዋሻል።

ከዚያ ወደ ቼላዱራይ ለቅሶ ቤት ሄድን። የጣቢያው ሠራተኞች አጥር ተደግፈው ቆመዋል። ኢንስፔክተር አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፤ ትናንት የተነሳው ማነው? «ቫሊ ብቻ።» «ቫሊ ብቻ።» አሥራ አራት ሰው፣ አንድ አፍ። ሁሉም መልሱን ሲጨርስ መሬት መሬት ያያል። የቼላዱራይ ሚስት እትዬ ራጃካኒ ግን የሚያስፈራት ነገር አልቀረም።

«ብቻ?» አለች። «ቫሊን ብቻ ቢቀሰቅስማ እኔ አላውቅም ነበር? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በበዓሉ ሁለቱን እኩል ነው የሚያስነሳቸው። አንዷን አንስቶ አንዷን መተው ጣውንት ማጣላት ነው ይል ነበር። ደህና ሰዓቱ፣ ያ ገድ ያለው ሰዓት፣ እስኪያልቅ አብረው ይዞራሉ፣ ከዚያ ያርፋሉ።»

«በሌላ ቀንስ?»

«በሌላ ቀን በተራ በተራ ነው። መመሪያው እንደዚያ ነው መሰለኝ።» እንባዋን ጠረገች። «ዘንድሮ ደስ አላለውም። በክረምቱ ጥገና ዴይቫናይ ውስጧ የሚሽከረከረው መዘውር በአዲስ ተቀይሮላት ነበር። ‹ጣውንቲቱ ጉልበት ጨምራለች፣ የኔ ቫሊ ግን አርጅታለች› አለኝ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኢንስፔክተር ሱሳይ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሱሳይ፣ ቫልቩን ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ ያዞርከው?»

«የቱን ቫልቭ?»

«በወረቀቱ ላይ ዘጋሁት ብለህ ፈርመሃል።»

ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እሷን። «የተጻፈውን አላነበብኩም። እኔ ነኝ የገደልኩት አልኩ፤ ልክ ነው። ቀዩ ማጥፊያ በሩ ጋ ነው። እጄ ከሱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ማጥፊያው በእርሳስ ማኅተም ታሽጓል፤ ከላይ ካልታዘዘ የሚነካው የለም። አምና የኛ መንደር ልጅ ማኅተሙን ሰበረና በዚያው ቀን ተባረረ። ቫሊ መጮህ ስትጀምር ቼላዱራይ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ደወለ። እጄን ወደ ማጥፊያው ሳነሳ አየኝና ‹አትንካ! ያባርሩሃል! ሮጠህ ንገራቸው!› አለኝ። ሮጥኩ። ስመለስ…»

«እሱ ወዴት እየሄደ ነበር?»

«ወደ ማጥፊያው እየመጣ ነበር። ራሱ ሊያጠፋው።» ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «ሁለት እርምጃ ቀርቶት ነበር። እኔ ብነካው ኖሮ ሥራዬን ነበር የማጣው። ሥራዬን ብቻ!»

የተዘረጋው እጅ ለካ ገዳይ አያመለክትም ነበር።

«ላይ ማን አየህ?» አለችው።

«ስልኩ ጋ የነበረችው ልጅ። ኢንጂነር ዩቫራኒ።»

ዩቫራኒን የሠራተኞች አውቶቡስ ማቆሚያ አገኘናት። ሃያ አምስት ዓመቷ ቢሆን ነው። እንዳየችን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያዘች።

«እኔ ምንም አላውቅም።»

«እሺ፣ አታውቂም» አለች ኢንስፔክተር። «አንድ ነገር ብቻ አስረጂኝ፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ። ሁለቱ ፓምፖች አብረው ቢነሱ ምን ይሆናሉ?»

ልጅቷ አውቶቡሱ የሚመጣበትን መንገድ አየች። ከዚያ እንደ ቁስል ፈነዳች። «የሁለቱም መመለሻ መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ይገባል! አንድ ጠባብ በር ሁለት ሰው እንደሚጋፋበት ነው። ጉልበተኛዋ ሞልታ ስትይዘው የደካማዋ ውሃ መውጫ ያጣል። ቫልቩ ክፍት ነው፣ ቧንቧው ክፍት ነው፣ እሷ ግን ታፍናለች። ዴይቫናይ እስክትታደስ ድረስ እኩያ ስለነበሩ ተቻችለው ኖሩ።»

«ታታቻሪ ይህን ያውቃሉ?»

«አምና ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል፤ መመለሻ የሚጋሩ ፓምፖች ካላችሁ አስሉና አሳውቁ ይላል። ‹የኛዎቹ አብረው ተነስተው አያውቁም› ብለው መለሱ። ሳያሰሉ! እውነተኛ አደጋ ሲመጣ እኮ ሁለቱም ራሳቸው በራሳቸው ነው የሚነሱት። ያን ቀን አንዷ ትሞታለች፣ ምናልባት የሚያስፈልገን እሷ ናት። አሁን ይህ ከታወቀ ሪአክተሩ ዓመት ይቆማል። ጥፋተኛው ሱሳይ ከሆነ ግን ማሸጊያ ቀይረው ሰኞ ያስነሱታል።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች ኢንስፔክተር። «ስልኩንስ?»

«ሦስቴም እኔ ነኝ ያነሳሁት። ‹ቫሊ ትግላለች፣ አጥፉልኝ› አለኝ። ለአለቃዬ፣ ለታታቻሪ፣ ነገርኩ። እንግዶች ነበሩ፣ ፎቶ ይነሳ ነበር። ‹ደህና ሰዓቱ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ነው የቀረው፤ በመሃል ማቋረጥ ገድ የለውም› አሉኝ። ጠበቅሁ። ከዚያ ሱሳይ እያለከለከ ገባ።» አለቀሰች። «ግን አልፈርምም። እናቴን የማኖራት እኔ ነኝ። ማሪኝ፣ አክካ፣ አልፈርምም።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ልጅቷ ግን አልተሳፈረችም። እየተከተለችን ነው ወይስ ወደ ባሕሩ እየሄደች፣ አላወቅሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ታታቻሪ ጣቢያችን መጡ፣ ርክክቡን በዓይናቸው ለማየት። ኢንስፔክተር የአበባውን ቅጠል ጠረጴዛ ላይ አደረገች። የቼላዱራይን ሚስት ቃል፣ ያልተሰነጠቀችውን ጠብታ ፎቶ፣ ሁሉንም ዘረዘረች። ሰውየው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

«ይሁን፣ ሁለቱም ተነስተው ነበር እንበል። የበዓል ወግ ነው፣ ሃያ ዓመት ማንንም አልገደለም። ዘንድሮ የገደለው በቫልቩ ላይ የሱሳይ እጅ ስለነበረ ነው። ቅባቱን ከእጁ ላይ ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ አይደለሁም።»

የሐኪሙ ዝርዝር በዚያች ደቂቃ ገባ። ኢንስፔክተር ጮክ ብላ አነበበችው። «ሰንደል፣ ጥቂት። እርድ፣ ብዙ። የጉሎ ዘይት።» ቀና አለች። «ከቫልቩ ወስጄ ያስመረመርኩት ንጹሕ ሰንደል በጽጌረዳ ውሃ ነው። አንድ አይደለም።»

«ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ዓሣውን በእርድ ያሻል፣ ከእጁ መች ይጠፋል?» አሉ ታታቻሪ። «ዘይቱም ከመንደሩ ነው።»

«እርድና ጉሎ ዘይት» አለች እንደገና፣ ለራሷ። «ከሰንደል ጋር። ከየት?»

ቆመጤ ጥግ ላይ ቆማለች። ወገቧ ድረስ ቢጫ ናት፤ ጫፏ ላይ ብቻ ቅባቱ ተፍቋል። ስምንት ቦታ።

አያችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም አልመጣልኝም ነበር። እምላለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ገባኝ። ያ ቅባት የኔ ነው። ቅባቱ ሳይደርቅ ይዤ ወጣሁ፣ እሱ መዳፉን ዘረጋ፣ እኔ አወረድኩበት፣ ከዚያ በገዛ እጄ ሐኪም ቤት ወስጄ አስጠረግሁት። አሁን እሱን የሚቀብረው ማስረጃ ያ ነው። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። በሕግ የተከለከለ ዱላ፣ በአምላክ ስም የማልኩት ውሸት፣ ያለቀ ማዕረግ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

በመስኮቱ ጄሲንታ ትታየኛለች። ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ የምሳ ዕቃዋን ይዛ። አንና ነበር ያለችኝ።

ቆመጡን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ከዚህ ነው» አልኩ። «እርዱን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። መታሁት። አራት በቀኝ፣ አራት በግራ። ሱሳይ ሰንደል አልነካም፤ ሰንደሉን እጁ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተር አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ጠይቄህ ነበር፣ ኢሳኪ።»

«ዋሸሁ።»

«ጻፈው።»

ጻፍኩ። ዘጠኝ መስመር ነው፤ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ቀና ስል በሩ ላይ ዩቫራኒ ቆማለች። ለካ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች።

«ለኔም ወረቀት ስጡኝ» አለች።

ታታቻሪ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ። ከዚህ ወዲያ አንቱ አልለውም። «ዩቫራኒ፣ አስቢበት ልጄ» አላት።

«አስቤበታለሁ። ሦስት ጊዜ ደወለ። ነገርኩዎት። ጠብቂ አሉኝ።»

«አራት ደቂቃ እኮ ነው የቀረው!» ብሎ ጮኸ፤ ያ የለሰለሰ ድምፅ ጠፍቶ። «አራት ደቂቃ ብቻ! አራት ደቂቃ ምን ያደርጋል ብዬ ላስብ?»

ኢንስፔክተር ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ ዩቫራኒ ገፋች። አሥር ሰዓት ላይ የማዕከላዊ ሰዎች መኪና ቆመ። መኮንኑ የሐኪሙን፣ የኔንና የዩቫራኒን ወረቀቶች ቆሞ አነበበ፣ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሱሳይን የፈታሁት እኔው ነኝ፤ ኢንስፔክተር ሆን ብላ ነው ቁልፉን የሰጠችኝ። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ሚስቱን አላየም፣ እኔንም አላየኝም።

«አሁን ማጥፊያውን መንካት ይፈቀዳል?» አለኝ።

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ በሩን ያዝኩለት።

ሪአክተሩ ሰኞ አልተነሳም። አሥራ አንድ ወር ቆመ፤ ለቫሊ የራሷ መመለሻ ቧንቧ ተሠራላት፣ አሁን እንደ ጣውንቷ የራሷ በር አላት። የእርሳሱ ማኅተምም ከማጥፊያው ላይ ተነሳ። የታታቻሪ ጉዳይ ከኛ በላይ ባሉ መርማሪዎች እጅ ነው። እኔ ማዕረጌን አጣሁ፤ ኢንስፔክተር ተሟግታልኝ ከእሥር ተርፌ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ።

የዘንድሮው የመሣሪያ በዓል ዕለት ሱሳይና ጄሲንታ ለልጃቸው የልደት ወረቀት ማኅተም ፈልገው መጡ። ሴት ልጅ ወልደዋል። ሱሳይ ጥሩ ነው፣ ቀልድ ጀምሯል፤ ቀኝ አውራ ጣቱ ብቻ አይታጠፍም፣ መረብ መጎተት አቅቶት የወንድሙን ጀልባ ሞተር ይጠግናል።

«አንና፣ ጤና ነህ?» አለኝ እየሳቀ። እውነተኛ ሳቅ ነበር።

«አለን እባክህ። ወረቀቱን አምጣ፣ ላትምልህ።»

ወረቀቱን ሊሰጠኝ እጁን ሲዘረጋ፣ አንዱ ኮንስታብል የሰንደሉን ሳህን ይዞ በመካከላችን አለፈ። ሽታው የሱሳይ አፍንጫ ውስጥ ገባ መሰለኝ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ። ራሱም አላወቀውም። ወረቀቱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወጊው ነኝ፤ አልረሳሁም። ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን አነሳሁ፣ አተምኩ፣ ለጄሲንታ ሰጠኋት። ከሄዱ በኋላ ኮንስታብሉ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ቆመጦች ቀብቶ ጨረሰና የኔዋን ፈልጎ ጠየቀኝ።

«ያቺን ተዋት» አልኩት። «ዘንድሮ አትቀባም።»